ዋስ የሌለው ሰው
(በራዲዮ ከተነገረው የሳምንቱ ንግግር የተወሰደ)



የዛሬው ንግግሬ ስለ አንዲት አጭር ቃል ነው። ቃሏም «ዋስ» የምትለው ናት። በጽሕፈት ሁለት ፊደል ብቻ ናት፤ ነገር ግን አንድ የተያዘ ሰው ማታ ከልጆቹ ጋራ እራቱን እንዲበላ ወይም በእስር ቤት ወለል ላይ እንዲያድር ብዙ ጊዜ የምትወስነው እርሷ ናት። ከእናንተም መካከል በመሥሪያ ቤት ደመወዝተኛ የሆነ ሁሉ አንድ ቀን «እባክህ ዋስ ሁነኝ» መባሉ አይቀርም። ስለዚህ ዋስነት ምን እንደ ሆነ፥ ከየት እንደ መጣ፥ ዋስ ያጣ ሰውም ምን እንደሚደርስበት ማወቁ ለሁላችንም ይጠቅማል።

በአገራችን ዋስነት ከጽሑፍ ሕግ በፊት የነበረ ነገር ነው። በቀድሞው ዘመን ሁለት ሰዎች በመንገድ ላይ ሲጣሉ አንደኛው «በሕግ አምላክ!» ካለ ሌላው መቆም ግዴታው ነበር። በአቅራቢያው የሚያልፈውንም ጨዋ ሰው ዳኛ አድርገው ይሟገቱ ነበር። ነገሩ ከዚያ ካላለቀ ወደ ሹም ዘንድ ይኼዳሉ፤ በጉዞውም እንዳይጠፋፉ የሁለቱ ኩታ ጫፍና ጫፉ ይቋጠር ነበር። ባለ ዕዳና ባለ ገንዘብም በአንድ ሰንሰለት እጅ ለእጅ ተያይዘው የሚውሉበትና የሚያድሩበት ጊዜ ነበር። ይህ ቁራኛ ይባል ነበር፤ ዛሬ «በዓይነ ቁራኛ ጠብቀው» ስንል የምናስታውሰው ይህንኑ ልማድ ነው።

ይህን ቋጠሮ የሚፈታው ዋስ ነበር። ተከሳሹ «ዋስ ጥራ» ይባላል፤ እርሱም የሚያውቁትን ሰው ይጠራል። የታወቀ ባላገር ተነሥቶ «እኔ ዋስ ነኝ» ያለ እንደ ሆነ ኩታው ይፈታል፤ ሰውየውም ወደ ቤቱ ይገባል፤ በቀጠሮውም ቀን ይቀርባል። የዋሱ ኃይል በከረጢቱ ካለው ገንዘብ ይልቅ በስሙና በቃሉ ላይ ነበር። ሰው በሰው ቃል የሚታመንበት ይህ ሥርዓት ልንኮራበት የሚገባ ነው። ይሁን እንጂ አንድ ከባድ ጉድለት ነበረው። ወገን ያለው ይፈታል፤ ወገን የሌለው፥ ይኸውም መጻተኛው፥ ሎሌው፥ አባት እናት የሌለው፥ ማንን ይጥራ? የሚጠራው ያጣ ሰው ጥፋቱ ሳይታወቅ እንደ ታሰረ ይቀር ነበር። ይህ ጉድለት ከዚያ ዘመን ጋራ አብሮ አልቀረም፤ ልብሱን ለውጦ ዛሬም ከእኛ ጋራ አለ።

ወደ ዛሬው ነገር ከመግባታችን በፊት ብዙ ጊዜ የምናደባልቃቸውን ሦስት ቃላት እንለይ። ተጠርጣሪ ማለት ወንጀል ሳይሠራ አይቀርም ተብሎ ምርመራ የሚደረግበት ሰው ነው። ተከሳሽ ማለት ዐቃቤ ሕግ ክስ ያቀረበበት ሰው ነው። ፍርደኛ ማለት ደግሞ ማስረጃው ተሰምቶ ጥፋተኛ ነው የተባለና ቅጣት የተወሰነበት ሰው ነው። እነዚህ ሦስት ሰዎች በአንድ አጥር ውስጥ ታስረው ቢገኙ ለሚያያቸው ሰው አንድ ይመስላሉ፤ በሕግ ፊት ግን የመጀመሪያዎቹ ሁለቱ ገና ንጹሓን ናቸው። እኛ ግን በየቡና ቤቱና በየቢሮው ሦስቱንም «ወንጀለኛ» ብለን በአንድ ስም እንጠራቸዋለን። በምላሳችን ከዳኛው ቀድመን እንፈርዳለን ማለት ነው።

ሕጉ እንዲህ አይልም። በ1987 ዓ. ም. የጸደቀው ሕገ መንግሥት የተያዘ ሰው ወደ ፍርድ ቤት ለመድረስ የሚፈጀው የመንገድ ጊዜ ሳይቆጠር በ48 ሰዓት ውስጥ ከዳኛ ፊት እንዲቀርብ ያዝዛል። የተከሰሰ ሰው ጥፋተኛነቱ እስኪረጋገጥ ድረስ ንጹሕ ሆኖ እንደሚገመት ይናገራል። የተያዘ ሰው በዋስ የመፈታት መብት እንዳለውም ይደነግጋል፤ ፍርድ ቤት ዋስትናውን የሚከለክለው ወይም በቂ ማረጋገጫ የሚጠይቀው በሕግ በተለዩ ሁኔታዎች ነው። እንግዲህ መፈታቱ ደንብ ነው፤ መታሰሩ ከደንቡ የወጣ ነው።

ከዚያ አስቀድሞ በ1954 ዓ. ም. የወጣው የወንጀለኛ መቅጫ ሥነ ሥርዓት ሕግ ነገሩን በዝርዝር አስቀምጦታል። ወንጀሉ በሞት ወይም በ15 ዓመትና ከዚያ በላይ በሆነ ጽኑ እሥራት የሚያስቀጣ ካልሆነ፥ የተበደለውም ሰው ከደረሰበት ጉዳት የተነሣ የሚሞት ካልሆነ፥ የተያዘው ሰው በዋስትና ወረቀት እንዲለቀቅ ደነገገ። ዳኛው ዋስትናን የሚነፍግባቸው ምክንያቶችም ተለይተው ተነገሩ፤ ሰውየው በቀጠሮው አይቀርብም፥ ሌላ ወንጀል ይሠራል፥ ወይም ምስክሮችን ያባብላል፥ ማስረጃ ያጠፋል ተብሎ የሚያሠጋ ሲሆን ነው። በዚሁ ሕግ ውስጥ ሁለት ነገሮችን ልብ እንድትሉልኝ እፈልጋለሁ። አንደኛው፥ ጥፋቱ ቀላል በሆነ ጊዜ መርማሪው ፖሊስ ሰውየውን በዋስም ሆነ ያለ ዋስ አስፈርሞ ሊለቀው እንደሚችል መፍቀዱ ነው። ሁለተኛው፥ ዳኛው የዋስትናውን ልክ ሲወስን የክሱን ክብደት ብቻ ሳይሆን የተከሳሹንና የዋሶቹን አቅም ጭምር እንዲመለከት ማዘዙ ነው። ሕግ አውጪው ደኻ በድኽነቱ ብቻ ታስሮ እንዳይቀር አስቦበት ነበር ማለት ነው።

ከዚህ የምንረዳው ዋስትና ቅጣት እንዳልሆነ ነው። የወንጀል ዋጋም አይደለም፤ ይቅርታም አይደለም። ተከሳሹ በቀጠሮው ቀን እንዲቀርብ የሚያደርግ ማሠሪያ ብቻ ነው። ቀርቦ ነገሩ በተፈጸመ ጊዜ፥ በነፃ ቢለቀቅም ቢፈረድበትም፥ ያስያዘው ገንዘብ ይመለሳል፤ ዋሱም ከግዴታው ይወጣል።

ነገሩ በሥራ ላይ ሲውል ምን እንደሚመስል ለመረዳት አንድ ምሳሌ በሐሳባችን እንፍጠር። ሁለት ሰዎች በአንድ ጠብ ተካፍላችኋል ተብለው በአንድ ቀን ተያዙ እንበል። አንደኛው በአንድ መሥሪያ ቤት መዝገብ ቤት የሚሠራ ጸሐፊ ነው። ሁለተኛው ከባላገር መጥቶ በሕንፃ ሥራ ላይ ድንጋይ የሚሸከም የቀን ሠራተኛ ነው። ሁለቱም በአንድ ዳኛ ፊት ይቀርባሉ፤ ዳኛውም ሳያዳላ ለሁለቱም የአምስት አምስት ሺህ ብር ዋስ ጥሩ ይላቸዋል።

ጸሐፊው በስልክ ለወንድሙ ይነግራል። ወንድሙ ለባልደረቦቹ ይነግራል። ከእነርሱ አንዱ ወደ አስተዳደር ክፍል ገብቶ ደመወዙን የሚያረጋግጥ ደብዳቤ ያጽፋል፥ ማኅተም ያስመታል፥ ፍርድ ቤት ቀርቦም ይፈርማል። ጸሐፊው በዚያው ዕለት ቤቱ ያድራል፤ በማግስቱም ከወንበሩ ይገኛል።

የቀን ሠራተኛው ግን ማንን ይጥራ? አሠሪው ስሙን እንኳ አያውቀውም። አብረውት ድንጋይ የሚሸከሙትም እንደ እርሱ ደመወዝ የሌላቸው ናቸው፤ ቀን የሚያገኙትን ማታ ይበላሉ። የቀበሌ መታወቂያው ከትውልድ አገሩ የመጣ ነው። አምስቱ ሺህ ብር ለእርሱ ብዙ ቀን ተሸክሞ፥ ሳይበላ ቢያጠራቅም እንኳ የማይደርስበት ገንዘብ ነው። ስለዚህ እስከ ቀጠሮው ይታሰራል። ቀጠሮው ሲደርስ ምስክር ሳይቀርብ ይቀርና ሌላ ቀጠሮ ይሰጣል። በዚህ መካከል በአዳር የሚከፍልበት ቤት ባለቤት ጨርቁንና ብርድ ልብሱን ከደጅ ታወጣበታለች፤ ሥራውን ሌላ ሰው ይይዘዋል፤ ለማዳበሪያ ዕዳ የሚሆነውን ገንዘብ ይልክልናል ብለው የሚጠብቁት ቤተ ሰቦቹም መጥፋቱን እንጂ መታሰሩን አያውቁም። በመጨረሻም ማስረጃው ተሰምቶ ንጹሕ ነህ ሊባል ይችላል። ነገር ግን ዳኛው ከመፍረዱ በፊት ድኽነቱ ፈርዶበታል፤ ቅጣቱንም ጨርሷል።

ልብ በሉ፤ በዚህ ምሳሌ ማንም ክፉ ሰው የለበትም። ፖሊሱ ሥራውን ሠርቷል፤ ዳኛውም ለሁለቱ እኩል ወስኗል። ዳሩ ግን አቅማቸው እኩል ባልሆነ ሰዎች ላይ እኩል ሸክም መጫን እኩልነት አይደለም። አንዱ በቀላሉ አንሥቶ የኼደውን ሸክም ሌላው ተኝቶበት ቀረ።

ጉዳቱም በታሰረው ሰው ላይ ብቻ አያበቃም። የታሰረችው በሰው ቤት ተቀጥራ የምትሠራ ልጅ ብትሆን ከቀጣሪዋ በቀር በከተማው የሚያውቃት የለም፤ ከሳሿም ያች ቀጣሪ ብትሆን ዋስ የሚሆናት ከየት ይመጣል? እናት ስትታሰር ጡት የሚጠባው ሕፃን አብሯት ይገባል፤ ትልልቆቹ ደግሞ በጎረቤት ይበተናሉ። አባት ሲታሰር ስንቅ የምታመላልሰው ሚስት የሥራ ቀኗን ታጣለች። ከዚህም ሌላ በውጭ ያለ ሰው ምስክሩን ይፈልጋል፥ ሰነዱን ይሰበስባል፥ ከጠበቃው ጋራ ይመክራል። የታሰረው ግን ይህን ሁሉ በሌላ ሰው እጅ ነው የሚያደርገው፤ ሰው ከሌለውም አያደርገውም። ስለዚህ ዋስ ማጣት በፍርዱም ላይ ጥላውን ያጠላል።

ይህ ችግር የእኛ ብቻ ነው ብላችሁ አትዘኑ። በዓለም እስር ቤቶች ካሉት ሰዎች ሲሶ ያህሉ ገና ያልተፈረደባቸው ናቸው። በሀብት ከሁሉ ትበልጣለች የምትባለው አሜሪካ እንኳ ከዚህ ነገር ጋራ ስትታገል ኖራለች፤ ከትግሏም የምንማረው አለ።

እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር በ1961 ዓ. ም. ሉዊስ ሽዋይትዘር የተባለ ባለ ሀብት በኒው ዮርክ እስር ቤት ብዙ ወጣቶች የዋስ ገንዘብ በማጣት ብቻ ፍርድ ሳይሰጣቸው እንደሚቆዩ ተረድቶ በእናቱ ስም ቬራ የተባለ ድርጅት አቋቋመ። ኸርበርት ስተርዝ ከተባለ ሰው ጋራ ሆኖም አንድ ሙከራ ጀመረ። የሕግ ተማሪዎች ወደ ታሰሩት ሰዎች እየቀረቡ የት ትኖራለህ፥ ከማን ጋራ ትኖራለህ፥ ሥራህ ምንድን ነው፥ ቀድሞ ተከሰህ ታውቃለህን ብለው ይጠይቃሉ፤ መልሱንም ያጣራሉ። ከከተማው ጋራ የሚያያይዘው ነገር ያለው ሰው ሆኖ ሲገኝ ገንዘብ ሳይጠየቅ በቃሉ ብቻ እንዲለቀቅ ለዳኛው ሐሳብ ያቀርባሉ። በሦስት ዓመት ውስጥ ከ3,500 የሚበልጡ ሰዎች በዚህ መንገድ ተለቀቁ፤ ሆን ብለው ከቀጠሯቸው የቀሩት ከመቶው ሁለት እንኳ አልሞሉም። ሰውን በቀጠሮው የሚያመጣው ቤቱ፥ ሥራውና ዘመዱ እንጂ ያስያዘው ገንዘብ ብቻ እንዳልሆነ ታወቀ። በ1966 ዓ. ም. ፕሬዚዳንት ጆንሰን ይህንኑ መንፈስ የተከተለ የዋስትና ሕግ ለፌዴራሉ ፍርድ ቤቶች ፈረሙ።

ይሁን እንጂ አብዛኛው የወንጀል ጉዳይ የሚታየው በየክፍለ ግዛቶቹ ፍርድ ቤቶች ነውና ችግሩ አልጠፋም። በ2010 ዓ. ም. በዚያው በኒው ዮርክ ካሊፍ ብራውደር የተባለ የ16 ዓመት ልጅ ቦርሳ ሰርቀሃል ተብሎ ተያዘ፤ እርሱም አልሰረቅሁም አለ። 3,000 ዶላር ዋስ ተጠየቀ፤ ቤተ ሰቡ ገንዘቡን አላገኘም። ጥቂት ወራት ካለፉ በኋላ በሌላ ነገር የተሰጠው የጠባይ ማሻሻያ ጊዜ ስላልተፈጸመ ዋስትናው ጨርሶ ተነሣበት። ራይከርስ በሚባለው እስር ቤት ሦስት ዓመት ያህል ቆየ፤ ከዚህም አብዛኛውን ጊዜ ለብቻው በተዘጋ ክፍል ነበር። በ2013 ዓ. ም. ክሱ ተነሥቶለት ወጣ፤ ምንም ፍርድ አልተሰጠም። በ2015 ዓ. ም. በ22 ዓመት ዕድሜው የገዛ ሕይወቱን አጠፋ። ይህ ታሪክ በአገሩ ብዙ ሰዎችን ቀሰቀሰ። በመስከረም 2023 ዓ. ም. ኢሊኖይ የገንዘብ ዋስትናን ፈጽሞ በመተው ከአሜሪካ ክፍለ ግዛቶች የመጀመሪያዋ ሆነች። በዚያ ዳኛው የሚጠይቀው «ይህ ሰው ይቀርባልን? ሌላውን ሰው ይጎዳልን?» ብሎ ነው፤ «ስንት አለው?» ብሎ አይጠይቅም።

ከአሜሪካ ይልቅ ኑሮዋ ለእኛ ከሚቀርበው ከማላዊም የምንማረው አለ። በማላዊ ጠበቃ እጅግ ጥቂት ነው። ስለዚህ እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር ከ2000 ዓ. ም. ጀምሮ ጠበቃ ያልሆኑ፥ ነገር ግን ሕግና ሥነ ሥርዓት የተማሩ ረዳቶች ወደ እስር ቤቶች እየገቡ ለታሰሩት ሰዎች መብታቸውን ያስረዱ ጀመር። የዋስትና ማመልከቻ እንዴት እንደሚቀርብ ያስተምራሉ፤ የጠፋ መዝገብ ይፈልጋሉ፤ የታሰረው ሰው ዘመዶች ያሉበትን ያጠያይቃሉ። ዳኞችም ራሳቸው ወደ እስር ቤት ኼደው ጉዳዮችን የሚመለከቱበት ጊዜ አለ። የአፍሪካ የሰዎችና የሕዝቦች መብት ኮሚሽንም በ2014 ዓ. ም. ባወጣው የሉዋንዳ መመሪያ ከፍርድ በፊት ማሰር የመጨረሻ አማራጭ መሆን እንዳለበት አሳስቧል።

እዚህ ላይ አንድ አድማጭ እንዲህ ብሎ ሊጠይቀኝ ይችላል። «የተበደለውስ ሰው? የደበደበው ሰው በማግስቱ በሰፈሩ ሲንጐራደድ ሲያይ ልቡ አይቆስልምን?» ጥያቄው ተገቢ ነው። የሚያስፈራራ፥ ምስክር የሚያባብል፥ ለመጥፋት የተዘጋጀ ሰው እንዳለ አይካድም፤ ሕጉም ስለ እነዚህ ነው ለዳኛው የመከልከል ሥልጣን የሰጠው። ይሁን እንጂ በገንዘብ ብቻ የሚመዝን አሠራር ለተበደለው ሰውም ዋስትና አይሆነውም። አደገኛው ሰው ገንዘብ ካለው ከፍሎ ይወጣልና፤ ምንም የማያሠጋው ደኻ ደግሞ ይቀራል። ለተበደለው የሚጠቅመው ዳኛው ሰውየውን መርምሮ እንዲወስን ማድረግ ነው።

እንግዲህ እኛ የመንግሥት ሠራተኞች የሆንን ሰዎች ምን እናድርግ? ሕግ የምናወጣ ባንሆንም በእጃችን ያለው ነገር ትንሽ አይደለም።

በመጀመሪያ፥ ዋስ ሁነኝ ስንባል በፍርሃት ብቻ ከመሸሽ ነገሩን እንወቅ። ዋስ የሚገባው ግዴታ በወረቀቱ የተጻፈውን ገንዘብ ነው። ተከሳሹ ከቀጠሮው ከቀረ ዋሱ ያን ገንዘብ እንዲከፍል ይታዘዛል፤ በተከሳሹ ፋንታ ግን አይታሰርም፥ በወንጀሉም አይጠየቅም። ስለዚህ ሰውየውን የምናውቀው ከሆነ፥ ገንዘቡም ከአቅማችን በላይ ካልሆነ፥ መፈረሙ ዕብደት አይደለም። ከእኛ ብዙዎቻችን ለገንዘብ ያዥነት ወይም ለዕቃ ግምጃ ቤት ስንቀጠር «ተያዥ አምጣ» ተብለናል። ያን ጊዜ አንድ ሰው ስለ እኛ ፈርሞ ባይሆን ኖሮ ዛሬ በተቀመጥንበት ወንበር ላይ ባልተቀመጥን ነበር።

ሁለተኛ፥ በጠረጴዛችን ላይ ያለውን ወረቀት እንመልከት። ለዋስ የሚሆን የደመወዝ ማረጋገጫ ደብዳቤ ዓርብ ከቀትር በኋላ ቢጠየቅና ኃላፊው የሉም፥ ማኅተሙ ተቈልፎበታል፥ ሰኞ ተመለስ ቢባል፥ ለጸሐፊው ነገሩ የአንድ ፊርማ መዘግየት ነው። ለታሰረው ሰው ግን ሦስት ሌሊት ነው። መዝገብ ቤት ውስጥ የተሳሳተ መደርደሪያ ላይ የገባ ፋይልም እንዲሁ ነው። ወረቀቱ በተኛ ቁጥር አንድ ሰው በሌላ ቦታ ሳይተኛ ያድራል።

ሦስተኛ፥ ማኅበሮቻችንን እናስብ። በየሰፈሩ እድር አለን፤ ሰው ሲሞት ድንኳን እንተክላለን፥ እንቀብራለን፥ ሐዘንተኛውን እናስተዛዝናለን። ሙታንን ለመርዳት ይህን ያህል የተባበርን ሕዝብ በሕይወት እያለ ዋስ ላጣው ጎረቤታችን ተሰብስበን ብንቆምለት ከልማዳችን አልወጣንም። የአንድ ሰው ደመወዝ የማይበቃበት ቦታ አሥር ሰው ጥቂት ጥቂት ቢያዋጣ ይበቃል። ድር ቢያብር አንበሳ ያስር ይባላል፤ ቢያብር ደግሞ የታሰረ ይፈታል።

አራተኛ፥ በዋስ የወጣ ሰው ወደ ሥራው ሲመለስ በጎሪጥ አንየው። ክሱ ገና በፍርድ ቤት ነው፤ ፍርዱን ለዳኛው እንተወው።

አድማጮቼ፥ በቀድሞው ዘመን በአደባባይ ቆሞ «እኔ ዋስ ነኝ» ያለው ሰው ሌላውን ሰው ከቁራኛ የፈታው በቃሉ ነበር። ከዚያ በኋላ ሕጋችን በወረቀት ላይ ሰፈረ፥ ፍርድ ቤቶቻችን ተደራጁ፥ መብታችንም በሕገ መንግሥት ተጻፈ። ነገር ግን ወረቀት ብቻውን ዋስ አይሆንም፤ ዋስ የሚሆነው ሰው ነው። በዚህ ሳምንት ከእናንተ አንዱ ያን ደብዳቤ ሳያዘገይ ቢፈርም፥ ስሙን የማታውቁት አንድ አባት ዓርብ ማታ ከልጆቹ ጋራ እራቱን ይበላል።